ለንደን፣ ለአንድ የተሳቢ ስፒና

ሞጆ ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «ቤተ መንግሥቱን አየሽው? ያን ትልቁን ሰዓትስ?» ይለኛል። አላየሁም። ሰዓቱን ምናልባት ከአውቶቡስ መስኮት አሻግሬ አይቼው ይሆናል፤ ዝናብ ስለነበር አልምልም። እኔ ደህና አድርጌ ያየሁት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የአውቶቡስ ሁለተኛ ፎቅና የእህቴን ባል ነው። እሱኑ ልጻፈውና ልገላገል፤ አለበለዚያ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ስተርክ ልኖር ነው።

ባለቤቴ ሲያርፍ የተወልኝ ከነተሳቢው አንድ የጭነት መኪና ነው። ልጄ ብሩክ ይነዳዋል፤ ከሞጆ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ሞጆ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ተሳቢ የራሱ መብራት የለውም፤ የሚበራው ከፊተኛው መኪና በሚመጣለት ገመድ ነው። የገመዱ ጫፍ ላይ ጡጫ የምታህል ስፒና አለች። እሷ ከተበላሸች ከኋላ ያለው ሁሉ፣ ፍሬቻውም፣ ፍሬን ሲያዝ የሚበራውም፣ ድርግም ይላል። የእኛዋ ስፒና የባሕሩን ጨውና የአፋርን አቧራ ስትጠጣ ኖራለች። መካኒካችን ይጠርጋታል፣ በፌስታል ይጠቀልላታል፣ በፕላስተር ያስራታል፤ ትበራለች፤ ሳምንት ሳትቆይ ደግሞ ትጠፋለች።

ባለፈው ክረምት መተሐራ አካባቢ አመሻሽ ላይ ጠፋች። ብሩክ አላወቀም። ከኋላው ይመጣ የነበረ ሚኒባስ ተሳቢውን ሳያየው ገባበት። እግዚአብሔር ይመስገን የሞተ የለም፤ የሚኒባሱ ሹፌር ግን እግሮቹ ተሰብረው ነበር፣ ከመቀመጫው ጎትቶ ያወጣውም ብሩክ ነው። ቤት እንደገባ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «እማዬ፣ እኔ የማላየው መብራት ነው። አስተማማኝ ነገር ካልተገኘ መሪ አልይዝም» አለኝ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆመ፤ ልጄም አብሮት ቆመ። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ጎማውን ያያል። ምግብ ሳቀርብለት «በላሁ እኮ» ይለኛል፤ የት እንደበላ ግን አይናገርም።

ለንደን ያለችው ታናሽ እህቴ አስቴር «መጥተሽ እዪኝ» ስትለኝ ከርማ የመግቢያ ፈቃዱ የወጣው በዚህ መሃል ነው። መካኒኩ አሮጌዋን ስፒና ፈቶ «ይችን ናሙና ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ የማይበሰብስ አይጠፋም» አለኝ። ዘመድ አዝማድ ደግሞ ተሰብስቦ ሌላ አደራ ጨመረ፤ «ለአስቴር የአደጋውን ነገር ትንፍሽ እንዳትዪ። ሰው አገር ናት፣ ትደነግጣለች።» ይሄ የሁላችንም ሕግ ነው። ውጭ ላለ ሰው ደስታ ይነገራል እንጂ ክፉ ነገር አይነገርም። እኔም እሺ ብዬ ረቡዕ ተነሣሁ።

ቦሌ ላይ የእጅ ቦርሳዬን የሚፈትሸው ልጅ ስፒናዋን አውጥቶ አገላበጣት። ጠቁራለች፣ ተቃጥላለች፣ ገመዷ እንደ አይጥ ጅራት ተንጠልጥሏል። «እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የተሳቢ መብራት ስፒና ነው፤ ለንደን ላሳያት ነው» ስለው አለቃውን ጠራ፤ አለቃውም ሌላ አለቃ ጠራ። ኋላ አንደኛው የሹፌር ልጅ ሆኖ ተገኘና «የጅቡቲ መንገድ አይደል? ሂጂ እናቴ፣ ይቅናሽ» ብሎ አሳለፈኝ። በስመአብ! አገሬን ሳልለቅ እጄ በካቴና ሊታሰር ነበር።

ሐሙስ ደረስኩ። አስቴርና ባሏ ሰለሞን ተቀበሉኝ። ሰለሞን ከደርግ መውደቅ በፊት የወጣ ሰው ነው፤ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ አማርኛው ልክ የወጣበት ዘመን ላይ ቆሟል። እኔን «እትዬ ዘነቡ» እያለ አንቱ ይለኛል። ገና እንደተቃቀፍን «ለመሆኑ ዛሬም ኤንትሬ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኛ ዘንድ ያ የፊያት ጭነት መኪና አሁን የሚገኘው ዶሮ ተኝቶበት ነው። በባቡር ሄድን፣ ደግሞ በአውቶቡስ፤ ሻንጣዬን ሰለሞን ይጎትታል፣ አስቴር ክንዱን ይዛዋለች። ያን ያህል ዘመን በትዳር ኖረው ፍቅራቸው አስቀናኝ። ኤድመንተን ያለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ መኪናቸው ቆሟል፤ ቅጠል ለብሷል።

«ይሄ እያለ በባቡር አንከራተታችሁኝ?» አልኩ።

«ፓርኪንጉ አይቻልም ዘኑዬ» አለች አስቴር፤ ቶሎ ብላ በሩን ከፈተች።

ቤታቸው ቀጭን ነው፤ ወደ ላይ ነው የሚኖሩት። ደረጃው ምንጣፍ ለብሷል። የሙቅና የቀዝቃዛ ውኃው ቧንቧ ለየብቻ ነው፤ አንዱ ያቃጥላል፣ አንዱ ያደነዝዛል፤ ፊቴን ለመታጠብ ሁለቱን በእፍኜ ሳስታርቅ ኖርኩ። የስልኬ ቻርጀር ግድግዳቸው ላይ አልገባ አለ፤ የእነሱ ሦስት እግር ያለው ጎበዝ ነገር ነው። ገና ከመግባቴ የስፒና ችግር ተከትሎኝ መጣ ብዬ ለራሴ ሳቅሁ። አልጋቸውን ለእኔ ለቀው ሰለሞን ሶፋ ላይ ተኛ። «አይሆንም» ብል፣ «አፈር ስሆን እትዬ» አለ። አፈር ስሆን ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

ዓርብ አስቴር ሥራ ገባች፤ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ታሽጋለች። ሰለሞን ቤት ዋለ። «ዛሬ ኦፍ ነኝ» አለኝ፤ ዕረፍት ማለቱ ነው። ቁርስ እንቁላል ጠበሰልኝ፣ ሻይ በወተት አፈላልኝ። ስፒናዋን አወጣሁና «ለመኪናችን አዲስ ፈልጌ ነበር፤ እየተበላሸ አስቸገረን» አልኩት። የቀረውን ዋጥሁት። በጣቱ ዳሰሳት፣ ቀዳዳዎቿን አንድ በአንድ ነካካ፣ «ይሄማ ሰባት ነው፤ ያረጀ ሞዴል ነው። እትዬ፣ ይሄን ለኔ ይተዉት» አለ። ጤፍ በእፍኙ አሽቶ ከየት እንደመጣ የሚናገር ነጋዴ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ባለሙያ መሰለኝ። ደስ አለኝ።

ቅዳሜም ኦፍ ነበር። ኤድመንተን ውስጥ ወዳለ ትልቅ የመኪና ዕቃ መደብር ወሰደኝ። እኛ ጋ መለዋወጫ ሱቅ ማለት ባለቤቱ ከካርቶን ክምር ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወጣልህ ነው። እዚያ ግድግዳው ሙሉ ስፒና ተሰቅሏል፤ ሻጩም ወጣት፣ ትሁት፣ ችኩል። ሰለሞን በእንግሊዝኛ አወራው፤ ልጁ አንድ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ አሥራ ሦስት ቀዳዳ ያለው ላስቲክ መሳይ ነገር አወረደ። ሰዎቹ በትናንሽ መኪና የሚጎትቱት የሽርሽር ቤት አላቸው፤ ለእሱ የሚሆን ነው። የእኛ መኪና ባለ ሃያ አራት ቮልት ነው፣ የዚህኛው እግር ደግሞ ቀጫጭን። ባየሁት ቅጽበት አውቄዋለሁ።

«ሰለሞን፣ ትንሽ አነሰ መሰለኝ…» አልኩ።

«እትዬ! ሰባት ካለውና አሥራ ሦስት ካለው የቱ ይበልጣል?» አለና ሳቀ። ካርዱን አውጥቶ ከፈለ። ልከልክለው እጁን ብይዘውም በክርኑ ገፋኝ። «ለብሩክ የአጎቱ ስጦታ ነው። ደስ ይበለው።»

እኔስ ምን አልኩ? «እግዜር ይስጥልኝ፣ እድሜ ይስጥህ» አልኩ። አልጋውን የለቀቀልኝ፣ እንቁላል የጠበሰልኝ፣ በባቡር ያንከራተተኝ… እሱን እንኳ ልተወው። በስጦታ ላይ «አይሆንም» ይባላል? እናቴ ከመቃብር ተነሥታ በቆነጠጠችኝ። የሰለሞንን ስፒና ሻንጣዬ ግርጌ ከካልሲ ጋር ጠቀለልኳት። ያን ማታ አስቴር ሽሮ ሠርታ፣ ሁለቱ እየተጎራረሱ፣ እኔ በረንዳ ላይ ያለውን ብሩክን እያሰብኩ «በላሁ እኮ» አልኳቸው። የአደጋውን ነገር ብናገር አንድ ደቂቃ ሳይፈጅ ይገባቸው ነበር። አደራው ያዘኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ኪዳነ ምሕረትን አደራ አልኳት፤ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጸበል ጻዲቅ ሲበላ አንድ አቶ ታደሰ የሚባሉ ሰው አጠገቤ ተቀመጡ። እዚያ አገር የጭነት መኪና ነጂ ናቸው። ጸሎቴ እንዲህ ቶሎ ይሰማል አላልኩም ነበር። በሹክሹክታ ችግሬን ነገርኳቸው።

«ባተርሲ በኩል የጭነት መኪና ዕቃ ብቻ የሚሸጥ አለ፤ ከባቡር ድልድዩ ሥር። ግን ለምን ሰለሞን አይወስድዎትም?» አሉኝ።

«ይሉኝታ ነው አቶ ታደሰ። የማይሆን ገዝቶልኝ እንዴት ልበለው?»

«ሰለሞንማ…» ብለው ጀመሩና ሻያቸውን አነሡ። «ይሁን። መንገዱን ልጻፍልዎት።» ሌላ የሚሉት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር፤ አላሉም።

ሰኞ ለአስቴር «ብሪክስተን ገበያ ልብስ ላይ» ብዬ ዋሸሁ። ሰለሞን አብሬ ካልሄድኩ ብሎ ግብግብ ገጠመኝ፤ «እኔ አዲስ አበባ መርካቶ ብቻዬን ገብቼ የምወጣ ሴት ነኝ» አልኩት። የምድር ውስጥ ባቡሩ እስከ ብሪክስተን ሳያቀያይር ያደርሳል፤ እዚያ ላይ አልተሳሳትኩም። ብሪክስተን ስወጣ ዓሣው፣ ሙዙ፣ ዘፈኑ፣ የሰዉ ጩኸት ሞጆ ቅዳሜ ገበያ የገባሁ አስመሰለኝ፤ የቆዳ ፋብሪካችን ሽታ ብቻ ጎደለ። ወደ ባተርሲ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ግን ጉድ ሆንኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከፊት ተቀምጬ ከተማውን ስቃኝ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ወንዝ ተሻግረናል። የአቶ ታደሰ ወረቀት ላይ ወንዝ ይሻገሩ የሚል የለም።

አጠገቤ የነበሩ ባለ ባርኔጣ ጥቁር አሮጊት ወረቀቱን አነበቡ፣ እኔን አዩ፣ ደወሉን ተጫኑ፣ እጄን ይዘው ወረዱ። መንገድ አሻግረው በተቃራኒው አውቶቡስ አሳፈሩኝ፤ ይባስ ብለው አብረውኝ ተሳፈሩ! የራሳቸውን ጉዞ ትተው ማለት ነው። ድልድዩን ተሻግረን ሲያወርዱኝ ከቦርሳቸው ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅሁም፤ እግዚአብሔር ግን ያውቃቸዋል።

ሱቁ ከባቡር ድልድይ ሥር ያለ ዋሻ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፤ የናፍጣና የግራሶ ሽታ አለው፤ ከአገር ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንባዬ ተከፈተ። ባለቤቱ ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ ነው። አሮጌዋን ስፒና ጠረጴዛ ላይ መታ መታ ሲያደርጋት ነጭ ዱቄት ተራገፈ። የብረቷ ገላ ነው በጨው የተበላው። «ባሕር?» አለኝ። «ባሕር። ጅቡቲ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ ገባና ሁለት አመጣ፤ አንዱ ብረት፣ አንዱ ወፍራም ፕላስቲክ፤ ሁለቱም ባለ ሃያ አራት ቮልት፣ ሁለቱም ባለ ሰባት፣ እግራቸው ጣት የሚያህል። ቶሎ እንደማንላቀቅ ገብቶት መሰለኝ ሻይ አቀረበልኝ።

እኔ ከቤቴ የወጣሁት ብረት ብዬ ነው። ፕላስቲክ ሲባል የሰለሞን ስጦታ ትዝ እያለኝ አፍንጫዬን ነፋሁ። ሰውዬው ግን ነጩን ዱቄት በጣቱ እያሳየ ብረቱን ወደ ጎን ገፋው፤ ጨው ፕላስቲኩን አይበላውም ማለቱ ነው። እሱ ብሎ አይበቃኝም፤ ፈተንኩት። ስፒናዋ የምትሰካበትን የሶኬቱን ክዳን ከፍቼ ለቀቅሁት፤ ጥርቅም አለ፣ ስፕሪንጉ ጠንካራ ነው። ከቦርሳዬ ቁራጭ ወረቀት አውጥቼ ክዳኑ ሥር አደረግሁና ስቤ አየሁ፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም፤ እንግዲህ አቧራም አይገባም። ገመዱ የሚገባበት ላስቲክ አንገቱን አንቆ ይይዛል፤ ስትጎትተው ሽቦው አይነቀልም። የእኛዋ ሁልጊዜ የምትሞተው እዚያ ጋ ነበር። ሽቦው የሚታሠረውም በብሎን ነው፤ መካኒካችን በካቻቢቴ ይጨርሰዋል። መሬት ላይ ጥዬ ልረግጠው ስል ሰውዬው ሳቀና ራሱ ረገጠልኝ። ምንም አልሆነም። እሱን ከነሶኬቱ ገዛሁ፤ ማታ ከሰለሞን ስጦታ ጋር ካልሲው ውስጥ ደበቅሁት። ሲያሽግልኝ የጨው መከላከያ ግራሶ በትንሽ ጣሳ መረቀልኝ፤ ላመሰግነው ብፈልግ ቃል አጣሁና የአሮጊቷን ብርቱካን ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መብላትና መንገላወድ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ሰዉ ግን መጨለሙ ምንም አይመስለው። ሰለሞን በየቀኑ ኦፍ ነው። አውቶቡስ ነጂ እንዲህ የሚያርፍበት አገር የተባረከ ነው አልኩ።

የመመለሻዬ ዋዜማ ከሰዓት ላይ ሻንጣ ተመዘነ። ኤድመንተን ያለ ሐበሻ ሁሉ «ለእናቴ አድርሺልኝ፣ ለእህቴ አድርሺልኝ» እያለ ያመጣው ሹራብና ቫይታሚን ክምር ሆኗል። ሰለሞን ሻንጣውን በእጅ ሚዛን አንጠለጠለና «እትዬ፣ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አለ። አልፏል። «እንግዲህ የሚወጣ ይውጣ» ብሎ እጁን ሻንጣው ግርጌ ሰደደና ካልሲ ጥቅልሉን አወጣ። አንዱን ዳሰሰ፤ ሌላውንም ዳሰሰ። ጣቱ ቀዳዳዎቹ ላይ ሄደ።

«ይሄ የኔው አሥራ ሦስት። ይሄ ደግሞ ሰባት ነው፤ አዲስ ነው።» ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ወደ እኔም አልነበረም፣ ትንሽ ወደ ጎኔ። «እትዬ፣ የሚሆነው የቱ ነው?»

«ሁለቱም» ልል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ብሩክ በረንዳ ላይ ታየኝ።

«ሰባቱ ነው ሰለሞን። ያንተ አይሆንም። ካየሁት ጊዜ ጀምሮ አውቄዋለሁ።» ከዚያ መተሐራውን፣ ሚኒባሱን፣ የሹፌሩን እግር፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አስቴር ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እህትሽ አይደለሁም? ለምን ደበቅሽኝ?»

«እንዳትደነግጪ ነዋ!»

ሰለሞን ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አስቱ፣ እንግዲህ ንገሪያት» አለ። እሷ አልቻለችም፤ ራሱ ነገረኝ። ካለፈው ገና ጀምሮ ዓይኑ እየደከመ ነው። መሃሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ብቻ ያያል። አውቶቡስ መንዳቱን አቁሟል፤ ደጅ ያለውም መኪና ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። ሕክምናው አለ፣ ያቆመዋል እንጂ አይመልሰውም ብለውታል። «እናንተ እንዳትደነግጡ ብለን ነው» አለኝ።

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። ባለሙያ ያልኩት ዳሰሳ፣ ፍቅር ያልኩት ክንድ መያዝ፣ ኦፍ፣ ፓርኪንግ… ከእሱ ጋር ስኖር ሰነበትኩ፣ አላየሁትም። አለቀስኩ፤ ለእሱም፣ ለብሩክም፣ ለእኛ ለሁላችን ጅልነት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስትል የኖረች እናታችን ናት፤ ልጆቿ ግን ተረቱን ነው የወረስነው።

ሰለሞን አሥራ ሦስቱን በመዳፉ መዘነ። «ለነገሩ ደረሰኙ አለ። እመልሰዋለሁ።»

«እንዴት ይመለሳል? ተሽጧል እኮ!»

«እዚህ አገር ካልሆነህ ትመልሳለህ እትዬ። ማንም አይቀየምም።»

ወይ ጉድ! እኛ ጋ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ያልተለጠፈበት ሱቅ የለም። በዚያች አንዲት ስፒና ያን ሁሉ ቀን ስንገበገብ የኖርኩት ለከንቱ ነበር።

ሞጆ ገባሁ። መካኒኩ ስፒናዋን አገላብጦ «ይችስ ትሰነብታለች» አለ፤ ገጠማት፣ ግራሶውን ቀባት። ብሩክ ወደ ተሳቢው ጀርባ ሄዶ ቆመ፤ እኔ ጋቢና ገብቼ ፍሬን ረገጥሁለት። «አብሪ… አጥፊ… አብሪ» እያለ አመሻሸ። በመጨረሻ መጥቶ እጁን ዘረጋ፤ ቁልፉን ሰጠሁት። «ባዶውን አዳማ ደርሼ ልምጣ» አለ።

አስፋልቱ ዳር ቆሜ ለንደን ደወልኩ። ሰለሞን አነሣ። «በራ?» አለኝ። ስልኩን በምስል አድርጌ ወደ መንገዱ አዞርኩለት።

«ይኸው። አየኸው?»

«አየሁት እትዬ። ቀይ ነው።» ወዲያው ራሱን አረመ። «ዋሸሁ። አላየሁትም። ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። አሁን ነዳጅ ማደያውን አለፈ፤ ሁለቱም በርተዋል። አሁን ፍሬን ያዘ፤ ደመቀ። ባጃጅ ከኋላው መጣ፤ አይቶታል፣ ቀነሰ። አሁን የግራ ፍሬቻ አሳየ። አሁን መታጠፊያው ላይ ነው። አሁን አላየውም።

«ጠፋ?» አለኝ ደንግጦ።

«አልጠፋም» አልኩት። «በርቶ ነው የሄደው።»